የተራቆተ የጋራ ኮረብታን ከልሎ ደን ማልበስ፦ በጎጃም ቀበሌዎች ማን ምን ይሥራ?

የጮቄ ተራራ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ጨሞጋን፣ ሙጋንና ተምጫን የመሳሰሉ ወደ ዓባይ የሚፈሱ ወንዞች የሚነሡትም ከዚሁ ተራራ ነው። ከተራራው ወገብ እስከ ዓባይ ሸለቆ ባሉት ቀበሌዎች የአንድ ጎጥ ኮረብታ ሲራቆት ጉዳቱ በዚያው ጎጥ አይቀርም፤ ክረምት ሲገባ ደለሉ የታችኛውን ጎጥ ማሳ ይሸፍናል፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ ምንጩ ይነጥፋል። ይህ መመሪያ የጋራ ኮረብታቸውን ከከብት ንክኪና ከመጥረቢያ ከልለው ደን እንዲሆን ለሚፈልጉ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። የሥራው ሁሉ መነሻ መከለሉ የሚጎዳው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መለየትና ለሚያጣው ነገር ምትክ ማዘጋጀት ነው። ይህ ሳይደረግ የተተከለ ችግኝ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢበዛ፣ በሁለተኛው በጋ የከብት መኖ ይሆናል።

ስለዚህ አዝመራው ተሰብስቦ ሰው እፎይ በሚልበት ወቅት፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ፣ የጎጡ ሽማግሌዎችና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኮረብታው የሚጠቀሙትን አባወራዎችና እማወራዎች በስም ይመዝግቡ። የግል ግጦሽ የሌለው ባለ ከብት፣ ማገዶ ለቅማ የምትሸጥ እናት፣ ከሰል የሚያከስል ሰው፣ ከኮረብታው ጠርዝ ገፍቶ ያረሰ ገበሬ፣ እንዲሁም ከኮረብታው ላይ መሬት ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ ያደረገ መሬት አልባ ወጣት በዚህ መዝገብ ውስጥ መኖር አለባቸው። ሴቶችን ለብቻ ሰብስቦ መጠየቅ ግዴታ ነው እንላለን፤ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶችና ታላላቆች ስለሆኑ፣ የማገዶው ጉዳይ ሳይነሣ ስብሰባው ያልቅና ደንቡ ከወጣ በኋላ በየሌሊቱ የሚጣሰው በዚሁ በማገዶ ምክንያት ይሆናል።

ምትኩ እንደየሰው ይለያያል። ለባለ ከብቱ ሣር እያጨደ ተሸክሞ እንዲያበላ መፍቀድ፣ በእርከን ጠርዝና በጓሮ ዴሾ ሣር፣ የዝሆን ሣር ወይም እንደ ትሪሉሰርን ያለ የመኖ ዛፍ እንዲተክል ችግኝና ግንጣይ ማቅረብ ይቻላል። ለማገዶ ለቃሚዋ የደረቀና የወደቀ እንጨት በተወሰኑ ቀናት እንድትለቅም መፍቀድ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንድታገኝ ማገዝና በቤቷ ዙሪያ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ እንድትተክል ቅድሚያ መስጠት ይገባል። መሬት አልባ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው በተከለለው ቦታ ቀፎ ሊያኖሩ ይችላሉ። ብሳና፣ ግራዋና ዋንዛ ባሉበት ንብ ታፈራለች፤ ከማሩ ገቢ የሚያገኝ ወጣት ደግሞ እሳትንና መጥረቢያን ከማንም በላይ ይጠብቃል። ማር ሲቆረጥ የሚለኮሰው ጭስ ደረቅ ሣር ውስጥ እንዳይገባ ከመጀመሪያው ቀን በደንቡ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ቀጥሎ ወሰን ይካለላል። ሽማግሌዎቹ፣ አዋሳኝ ባለይዞታዎች፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ባለሙያና ቢያንስ ጥቂት እረኞች አብረው ኮረብታውን በእግራቸው ይዙሩ። እረኞቹ የሚፈለጉት ከብቱ በየትኛው በኩል እንደሚወርድ፣ የትኛው ምንጭ በሚያዝያም እንደማይደርቅና ጥላው የት እንደሆነ ከማንም በላይ ስለሚያውቁ ነው። ወሰኑ በማንም ዘንድ በማያከራክር ነገር፣ ማለትም በጅረት፣ በገደል፣ በትልቅ ድንጋይ ወይም በቆየ ዛፍ ቢያያዝ ይመረጣል፤ እነዚህ በሌሉበት የድንጋይ ቁልል ይሠራል። በዚህ ዙረት ላይ የከብት መተላለፊያና ወደ ውሃ የሚወስድ መንገድ ሳይዘጋ መቅረት አለበት። ብዙ የተከለለ ቦታ የሚፈርሰው ክፉ ሰው ስላለ ሳይሆን፣ ከብቱ ውሃ የሚደርስበት ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው። ኮረብታው ሰፊ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ አትዝጉት። በሦስት ከፍላችሁ የላይኛውን ቀድማችሁ ዝጉ፤ እርሱ ሣር ማብቀሉን ሰው በዓይኑ ካየ በኋላ መካከለኛውን መዝጋት ብዙ ክርክር አያስነሣም።

የይዞታው ጉዳይ በቃል ስምምነት ብቻ መተው የለበትም። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብን ደን ከግል፣ ከማኅበርና ከመንግሥት ደን ጋር እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ያውቀዋል። ስለሆነም የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ አስፈርማችሁ፣ በቀበሌው ማኅተም አጽድቃችሁ፣ ለወረዳው አቅርባችሁ ኮረብታው በማኅበረሰቡ ስም ተለክቶ የይዞታ ማረጋገጫ እንዲሰጠው ጠይቁ። ወረቀቱ ሰው ሲቀየርም፣ ቦታውን ለሌላ ጥቅም የሚፈልግ አካል ሲመጣም የምትከራከሩበት ማስረጃ ነው።

መተዳደሪያ ደንቡ አጭር ይሁን፤ በቃል የማይያዝ ደንብ አይጠበቅም። ማን ተጠቃሚ እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈቀድና እንደሚከለከል፣ ጥበቃው በምን ተራ እንደሚሄድ፣ ያጠፋ ሰው ምን እንደሚደርስበትና ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ከያዘ ይበቃዋል። ለመጀመሪያ ጥፋት ምክር፣ ለሁለተኛ የገንዘብ ቅጣት፣ ለሦስተኛ ከሣር ድርሻ መቀነስ፣ ከዚያ ካለፈ በዕድሩ መጠየቅ የሚል ቅደም ተከተል በብዙ ጎጥ ተቀባይነት ያገኛል። ቅጣቱ ለሊቀ መንበሩ ዘመድም እኩል መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ ለሥልጣን ተብሎ የታለፈ ከብት ደንቡን ያፈርሰዋል። ደንቡ ከተጻፈ በኋላ እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በሰንበቴና በዕድር ላይ ተደጋግሞ ይነበብ።

የካህናት ድርሻ ማንበብ ብቻ አይደለም። በጎጃም እርሻና ባሕር ዛፍ ብቻ በቀሩባቸው ብዙ አካባቢዎች ያረጁት አገር በቀል ዛፎች የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው፤ ስለዚህ ለችግኝ የሚሆነው ዘር የሚለቀመው ከዚያው ነው። አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ፣ ቅርንጫፍ ሳትሰብሩ፣ ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ከብዙ ጤነኛ ዛፎች ልቀሙ። ኮሶ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ ዘር የሚገኘው አበባዋ ወደ ቀይ ከሚያደላው ከሴቴዋ ነው፤ ይህን ባለማወቅ ከወንዴው ለቅሞ መደብ ላይ የዘራ ቡድን ቡቃያ አያይም። የወይራ ዘር ሥጋው ታጥቦ ጠንካራው ቅርፊቱ በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ለመብቀል ይዘገያል። የዋንዛ ፍሬ ደግሞ ልጣጩና ሙጫው ታጥቦ ሳይቆይ ቢዘራ ይመረጣል።

ከጥር እስከ የካቲት የአፈርና የውሃ ሥራው ይከናወናል። ይህ ሥራ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ የቦረቦሩን አፍ ከታች ብቻ በድንጋይ ክትር የዘጋ ሰው ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ክትሩን ይዞበት ይሄዳል። መጀመሪያ ከላይ የሚወርደውን ውሃ በእርከንና በቦይ መቀነስ፣ ቀጥሎ የቦረቦሩን ራስ ማረጋጋት፣ ከዚያ ክትር በየደረጃው መሥራት ነው። ወንፈል የለመደ ጎጥ ለዚህ ሥራ አዲስ አደረጃጀት አያስፈልገውም፤ አቅመ ደካሞችና ነፍሰ ጡሮች ግን ከድንጋይ ሸክም ተለይተው ሌላ ሥራ ይሰጣቸው።

የችግኝ ጉድጓድ በግንቦት ተቆፍሮ ለጥቂት ሳምንት ክፍት ይቆይ። ተከላው ዝናቡ በደንብ ሲጸና፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይሁን። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይሞታልና፣ ፕላስቲኩ ተቀዶ፣ የሥሩ አፈር ሳይፈርስ፣ አንገቱ ከመሬት ጋር እኩል ሆኖ ይተከል፤ አፈሩም በእግር ዙሪያውን ይጠቅጠቅ። በጮቄ ከፍታ ውርጭ ስለሚያቃጥል እዚያ አምጃን፣ አስታንና ኮሶን የመሰለ ደጋ የለመደ ዛፍ ይሻላል፤ ወይና ደጋው ላይ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ዝግባ ይሆናል። ጉቶና ቁጥቋጦ ባለበት ቦታ ግን ከመትከል ይልቅ መከለል ብቻውን ይበልጣል፤ ያለው ሥር ራሱ ያቆጠቁጣል፣ ወፎችም የወይራ ዘር ቁጥቋጦው ሥር ይጥላሉ።

ባሕር ዛፍን ከምንጭ ዳርና ከማሳ ጠርዝ አርቁ። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ዲከረንስ የሚባለው ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከሰብል ጋር ተተክሎ ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ለከሰል ሲቆረጥ ለብዙ ቤተሰብ የገቢ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት በበሽታ መጠቃቱ ግን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መያዝ ምን ያህል አደጋ እንዳለው በግልጽ አሳይቷል፤ በራስ ማሳ ላይ ሊያለማ ለሚፈልግ ሰው ይሁን እንጂ የጋራው ኮረብታ በእርሱ አይሸፈን።

የሣር ክፍፍሉ ጠብም ፍቅርም የሚወለድበት ሥራ ስለሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሣሩ ዘሩን ጥሎ ሲጨርስ፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ፣ ኮረብታው በተጠቃሚው ቁጥር ልክ በድንጋይ ምልክት ይከፋፈል፤ ሣሩ የሳሳበትና የበዛበት ቦታ ተመዛዝኖ፣ ሳሳ ያለበት ቁራሽ ሰፋ ይላል። ከዚያም በአደባባይ ዕጣ ይጣል። ከብት የሌላት እማወራም ዕጣዋን ታውጣ፤ ለመሸጥ ከፈለገች መብቷ ነው፣ ማንም ሊከለክላት አይገባም። ሣሩ በማጭድ ይታጨድ እንጂ ከነሥሩ አይነቀል፤ የተተከለውን ችግኝ ያጨደ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይተካ።

ጥበቃው በየቤቱ ተራ ቢሄድ፣ ወይም አንድ ጠባቂ ተቀጥሮ ክፍያው ከሣሩና ከእህል መዋጮ ቢሰጠው ሁለቱም ይሠራል፤ የጠባቂው ክፍያ ግን ሳይዘገይ ይሰጠው። ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው አንድ ሰው አይሁኑ፤ የባንክ ሒሳቡ በሦስት ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ መዝገቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ለጉባኤው ይነበብ። ችግኙ በጥቅምት አንድ ጊዜ፣ ድርቁ ካለፈ በኋላ በግንቦት ሌላ ጊዜ ይቆጠር፤ የሞተው በየትኛው ቁራሽና በምን ምክንያት እንደሞተ፣ በከብት፣ በምስጥ፣ በውርጭ ወይስ በድርቅ መሆኑ ተጽፎ ለሐምሌው ተከላ ይደርሳል።