የሲፓፕ ማስክ ፊትን እንዳያቆስል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ካላጠበቅኩት አየር ያፈሳል፣ ካጠበቅኩት ያቆስለኛል።" ሲፓፕ ከሚጠቀሙ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ይህን ነው። ብዙዎች ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ይመስላቸዋል። ቁስሉን ችለው ያድራሉ፣ ወይም ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተው ወደ ማንኮራፋታቸው ይመለሳሉ። እኔም አዳማ ውስጥ ከዚህ ማሽን ጋር የማድር ሰው ነኝ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ልክ የሆነ ማስክ አያቆስልም። ካቆሰለ አንድ ያልተስተካከለ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እቤት ውስጥ ይስተካከላል።

ለማያውቁት፣ ሲፓፕ የሚታዘዘው ስሊፕ አፕኒያ ላለበት ሰው ነው። ሰውየው እንቅልፍ ሲወስደው ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ማሽኑ በማስክ በኩል አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮውን ክፍት ያደርገዋል። ሕክምናውን ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ውስጥ ጀምረውት እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ አደረጉት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማስኩ በየምሽቱ ፊት ላይ በማጣበቂያ ይለጠፍ ነበር። የዛሬዎቹ ማስኮች እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ አጠቃቀማችን ግን ገና ይቀረዋል።

ባፈሰ ቁጥር ማጥበቅ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አየር ዓይን ላይ ፉው ሲል እጅ ወዲያው ወደ ማሰሪያው ይሄዳል። አንድ ጊዜ ይሳባል፣ ዝም ይላል፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደገና ያፈሳል። እንደገና ይሳባል።

እስቲ የማስኩን ጎማ፣ ፊት ላይ የሚያርፈውን ሲሊኮን፣ ብርሃን ላይ ይዘው ይዩት። በብዙዎቹ ማስኮች ድርብ ነው። ውስጠኛው ወፈር ብሎ ቅርጹን ይይዛል። ውጭኛው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። ማሽኑ ሲነሳ አየሩ በሁለቱ መካከል ገብቶ ስሱን ሽፋን ይነፋውና ፊት ላይ ይለጥፈዋል። አየሩን አፍኖ የሚይዘው ይህ የተነፋ ሽፋን እንጂ የማሰሪያው ጉልበት አይደለም። ማሰሪያው ሲከር ሽፋኑ ይጨፈለቃል፣ ይሸበሸባል፤ በሽብሽቡ በኩል ደግሞ አየር ያመልጣል። ለዚህ ነው ባጠበቁት መጠን የሚብሰው።

በዚህ መሃል ወፍራሙ ጎማ የአፍንጫን አጥንት ተጭኖ ያድራል። እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው ስስ ነው፤ ከሥሩም አጥንት እንጂ የሚያለሰልሰው ሥጋ የለም። ጫናው ደም ወደ ቆዳው እንዳይደርስ ያደርጋል። ደም ያጣ ቆዳ ይጎዳል፣ ከቀጠለም ይሞታል። ቁስሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ሲያፈስ በመጀመሪያ ማስኩን ከፊትዎ ትንሽ ራቅ አድርገው ይሳቡትና ቀስ ብለው ይመልሱት። ሽፋኑ እንደገና በአየር ይሞላል። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ማሰሪያዎቹን በሙሉ ያላሉና ከታችኞቹ ይጀምሩ። ግራና ቀኙን እኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሳቡ። በማሰሪያውና በጉንጭዎ መካከል ጣት ያለ ትግል መግባት አለበት። ማስኩ ግንባር ላይ መደገፊያ ካለው አፍንጫ ላይ የሚያርፈውን ክብደት የሚወስነው እሱ ነው፤ እሱን ሳይነኩ የታችኛውን ብቻ መጎተት ከንቱ ድካም ነው።

ጠዋት ላይ የማሽኑን ስክሪን ማየትም ይልመዱ። ሬስሜድ የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ማሽኖች ላይ ለምሳሌ ፍሳሹ በደቂቃ ከ24 ሊትር በታች እስከሆነ ድረስ ማሽኑ ራሱ ያካክሰዋል። ትንሽ ፈሰሰ ብለው ፊትዎን አይቅጡት። ዓይን ላይ የሚነፋ ከሆነ ግን ዓይን ያደርቃልና ትንሽም ቢሆን መስተካከል አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። በአፍንጫ ማስክ ተኝተው አፍዎ እንደ እንጨት ደርቆ ከነቁ አየሩ የሚወጣው በአፍዎ ነው። ያኔ ማጥበቅ ምንም አይፈይድም። አገጭ የሚይዝ ማሰሪያ ወይም አፍንጫንና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍን ማስክ ያስፈልግዎ ይሆናል፤ ሐኪምዎን ያማክሩ።

አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ መግጠም

የፊት ሥጋ ቁጭ ሲሉና ሲጋደሙ አንድ ቦታ አይሆንም። ቁጭ ብለው ያስተካከሉት ማስክ ትራስ ሲነካ ይዛነፋል። ስለዚህ በሚተኙበት ትራስ ላይ ተጋድመው፣ ማሽኑን አስነስተው ይግጠሙት። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞር ብለው ይሞክሩት።

ግፊቱም ይታሰብበት። ብዙ ማሽኖች በ4 ሴንቲ ሜትር ውሃ (የማሽኑ ግፊት የሚለካው በዚህ ነው) ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ታዘዘው መጠን ይወጣሉ። የታዘዘልዎ 12 ከሆነ፣ በ4 ላይ ልክ የነበረው ማስክ 12 ሲደርስ ከፊት መነሳት ይጀምራል። እርስዎም በእንቅልፍ ልብ ማሰሪያውን አፈፍ አድርገው ይስቡታል፤ በእንቅልፍ ልብ የሚሳብ ማሰሪያ ደግሞ ልክ የለውም። አንዳንድ ማሽኖች ማስክ መሞከሪያ የሚል ምርጫ አላቸው፣ ያኔውኑ ከፍ ባለ ግፊት ይነፋሉ። እሱን ይጠቀሙ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ አውልቀው የሚተኙ ከሆነም አውልቀው ይለኩ። ጉንጭ ሲገባ ልኩ ይለወጣል።

ከሻንጣ የወጣውን እንዳለ መቀበል

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ማስኩ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። እግዜር ይስጣቸው። ግን የእህትዎ ባል ፊት የእርስዎ ፊት አይደለም። "ተለቅ ያለው ይመቻል" የሚለው ግምትም ብዙ ሰው አቁስሏል። የሰፋ ማስክ ከፊት ጋር ስለማይገጥም ዓይን ሥር ያፈሳል፤ ያፈሰሰውን ለማቆም ይከራል፤ የከረረው ያቆስላል።

የሚልክልዎት ሰው ካለ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ አብረው የታሸጉበትን ጥቅል እንዲገዛ ይንገሩት። ብዙ ማስኮች እንዲህ ሆነው ይሸጣሉ። ፊት መለኪያ ወረቀትም አለ። አምራቾቹ በየድረ ገጻቸው ያስቀምጡታል፣ አውርዶ ማሳተም ብቻ ነው። ፕሪንት የሚያደርግልዎትን ልጅ ግን ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማስተካከል ብሎ እንዳያሳንሰው አደራ ይበሉት። 100 ፐርሰንት ካልታተመ ልኬቱ ሁሉ ውሸት ነው።

ማስኩ ከማሰሪያው ጫፍ ጋር በማግኔት የሚገጥም ዓይነት ከሆነ ጠንቀቅ ይበሉ። እርስዎ ወይም አጠገብዎ የሚተኛ ሰው የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ በማግኔት የሚነካ መሣሪያ በአካሉ ውስጥ ካለ፣ አምራቾቹ ማግኔቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ያስጠነቅቃሉ። እንዲህ ላለ ሰው ማግኔት የሌለው ማስክ ይሻላል።

ያገለገለ ማስክም እንደ ጫማ ቅርጹን የያዘው በሌላ ሰው ልክ ነው። ማሽኑን ይውሰዱ፣ በሐኪም ያስተካክሉት፤ ማስኩን ግን አዲስ ያድርጉት።

ፊትን ቫዝሊን፣ ጸጉርን ቅቤ ቀብቶ መተኛት

ሲፋቅ ቫዝሊን መቀባት የሁላችንም ልማድ ነው። ማስክ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን አይሠራም። ቅባት ሲሊኮኑን ያበላሸዋል፣ ማስኩንም ያንሸራትተዋል። የተንሸራተተ ማስክ ሌሊቱን ሙሉ ቆዳውን ይፈትገዋል። ከማሽኑ ጋር ኦክስጅን የተቀጠለላቸው ሰዎች ደግሞ ጭራሽ ቫዝሊን ፊታቸው ላይ ማድረግ የለባቸውም፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ማታ ፊትዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ማለስለሻ ካስፈለገ ጠዋት፣ ማስኩን ካወለቁ በኋላ ይቀቡ።

ለእናቶችና ለእህቶች የጸጉሩ ነገር አለ። ቅቤ የተቀባ ጸጉር ላይ ማሰሪያ አይቆምም፣ ወደ ላይ እየሸሸ ማስኩን አፍንጫ ላይ ይጎትተዋል። የሚያንሸራትት ሻሽም እንዲሁ። ቅቤ የሚቀቡ ከሆነ ቀን ላይ አድርገው ማታ በጥጥ ሻሽ ይሰሩት። ሻሹ ከማሰሪያው ሥር ይሁን፣ ቋጠሮው ግን ማሰሪያው በሚያልፍበት መስመር ላይ እንዳይውል። ሹሩባ አዲስ በተሠሩ ዕለት ማሰሪያውን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ልክ ከእንግዲህ ልክ አይደለም። ጺም ያላቸው አባቶችም ያው ነው፤ ጎማው የሚያርፍበት መስመር ካልተላጨ አየሩ በጸጉሩ መሃል ይወጣል።

በበረኪና ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት

በየጠዋቱ ጎማውን ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ይጠቡ። ሳሙናው እስኪለቅ ያለቅልቁ፤ የቀረ ሳሙና ቆዳ ያሳክካል፣ ሰውም "ጎማው አልተስማማኝም" ይላል። ማሰሪያውን በሳምንት አንዴ ማጠብ ይበቃል። በረኪናና አልኮል ሲሊኮኑን ያደርቁታል። የአዳማ ፀሐይም እንዲሁ፤ ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ጎማው ከደረቀ፣ ከቢጫነት አልፎ ከጠነከረ ወይም ከተሰነጠቀ ጊዜው አልፏል።

ቀዳዳዎቹን መድፈን

ማስኩ ላይ ሆን ተብለው የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ሁልጊዜ ሽው ይላሉ። ይህ ፍሳሽ አይደለም። የተነፈሱት አየር የሚወጣው በእነሱ ነው። በፕላስተር ወይም በጨርቅ ከተደፈኑ ያስወጡትን አየር መልሰው ይተነፍሱታል። እባክዎ ይህን ለቤተሰብም ይንገሩ፤ ድምፁ የረበሸው ሰው በቅንነት ሊደፍነው ይችላል። መብራት ከጠፋም ማስኩን ማውለቅ እንጂ ለብሶ መጠበቅ አያስፈልግም።

ላቡን መናቅ

ከመጋቢት እስከ ግንቦት አዳማ ውስጥ ሙቀቱ ይበረታል። ላብ ከጎማው ሥር ይጠራቀማል። እርጥብ ቆዳ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ ቆዳ በትንሽ ፍትጊያ ይላጣል። ከአሮጌ የጥጥ ካናቴራ በጎማው ቅርጽ ተቆርጦ በቆዳና በጎማ መካከል የሚገባ ስስ ጨርቅ ላቡን ይመጥጣል። ቀዳዳዎቹን እንዳይሸፍን ብቻ ይጠንቀቁ፣ በየቀኑም ይታጠብ። ቬንትሌተር የሚያበሩ ከሆነ ሰውነትዎ ላይ እንጂ ቱቦው ላይ አያነጣጥሩት። እርጥበት ያለው ሞቃት አየር ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ፊት ላይ ይንጠባጠባል።

ቆዳው "ቀይ" እስኪሆን መጠበቅ

ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚመጡት መመሪያዎች "መቅላት ካዩ" ይላሉ። የእኛ ቆዳ ብዙ ጊዜ አይቀላም። ጠቆር ይላል ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። አንዳንዴ ቀለሙ ጭራሽ አይለወጥም። ስለዚህ በጣትዎ ይፈትሹ። ከአካባቢው ይልቅ ይሞቃል? ጠንከር ወይም እብጥ ብሏል? ሲነካ ያማል? ማስኩ በወለቀ በግማሽ ሰዓት ገደማ የሚጠፋ ምልክት ብዙ አያሳስብም። እስከ ቀትር የሚቆይ፣ የማስኩን ጠርዝ ቅርጽ የያዘ ምልክት ግን ጫና መብዛቱን ይናገራል።

በዚህ ደረጃ ላይ ቦታውን ከጫና ማሳረፍ ነው ዋናው። ሌላ ዓይነት ማስክ ካለዎት ለጥቂት ቀናት ይቀያይሩ። አፍንጫ ቀዳዳ ሥር ብቻ የሚያርፈው ዓይነት የአፍንጫን አጥንት ፈጽሞ አይነካም። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ሃይድሮኮሎይድ የሚባል ስስ ፕላስተርም አለ፤ ፋርማሲ ይጠይቁ። እሱን ለጥፎ በላዩ ላይ ማስኩን ማጥበቅ ግን ቁስሉን መደበቅ ብቻ ነው።

ቆዳው ከተላጠ በኋላ ቡና መነስነስ ወይም ኮልጌት መቀባት

እባክዎ ይተዉት። ንጹህ ውሃ፣ ንጹህ ፋሻ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። መግል ከያዘ፣ ካበጠ ወይም ካተኮሰዎት አይደሩበት። ስኳር ያለበት ሰው የተላጠው ትንሽ ቢመስለውም በዚያው ቀን ይታይ፤ የእሱ ቁስል ቶሎ አይድንም።

ሲፓፑንም ዝም ብለው አያቁሙ። ያዘዘልዎትን ሐኪም ይደውሉለት፣ ቁስሉ የት እንዳለ በፎቶ ያሳዩት። ማስኩን ለብሰው ተጋድመው የተነሱትን ፎቶም አብረው ይላኩ፤ ጎማው የት ላይ እንደሚጫን ከቁስሉ ይልቅ እሱ በደንብ ያሳያል።