ለጎረቤት በዓል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፤ በእነዚህ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ሰውን ያጎራበተው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በዓል ሲመጣ ሁሉም ደግ ለመሆን ይሽቀዳደማል፤ ስህተቱም የሚበዛው ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው በሥጋ የሚሠራው ነው። የፋሲካን ዶሮ ወጥ ለሙስሊም ጎረቤት፣ የአረፋን ቅቅል ለኦርቶዶክስ ጎረቤት ከድኖ መላክ ተቀባዩን ጭንቅ ውስጥ ይከተዋል። በአገራችን ልማድ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። «ቅመሱ እንጂ፣ ምን አለበት?» ብሎ መወትወት ደግሞ ከመላኩም ይብሳል። የቀድሞ ሰዎች መላውን ያውቁበት ነበር፤ ድግስ ያለበት ክርስቲያን በጉን ለሙስሊም ጎረቤቱ ሰጥቶ ያሳርድና በተለየ ድስት ያሠራ ነበር። የአራተኛ ፎቅ ኑሮ ይህን ካልፈቀደ ድፎ ዳቦ፣ ፍራፍሬና ብርዝ ይበቃል። ዳቦው ግን ሥጋ በነካ ቢላዋ አይቆረስ፤ ይህን ልብ የሚል እንግዳ ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት የጾምን ወራት መርሳት ነው። የእስልምና በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ይላሉ፤ ከሁዳዴ ጋር የሚገናኙበትም ጊዜ አለ። በ2017 ዒድ አልፈጥር የዋለው በ55ቱ ቀን ጾም መካከል ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት ለኦርቶዶክስ ጎረቤት የምስር ሳምቡሳና ቴምር እንጂ በቅቤ የራሰ ምግብ አይቀርብም። ክርስቲያኑም በረመዳን ሙስሊም ጎረቤቱን ቡና የሚጠራው ከመግሪብ በኋላ ይሁን። የዒድን ቀን ከካሌንደር ላይ አይቶ ቀጠሮ መያዝም አያዋጣም፤ ጨረቃ ካልታየች ረመዳን 30 ይሞላል። ገናም ቢሆን ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 አይውልም። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነች ማግስት ባለው ዓመት 28 ላይ ይውላል፤ 2016 ላይ እንዲያ ነበር። ይህንንም የሚከራከር አይጠፋም!

«ጴንጤ በዓል የለውም» የሚሉም አሉ። ገናንና ፋሲካን ያከብራሉ። ጠላውን አልፈልግም ያለን ሰው ግን አንዴ መጠየቅ ይበቃል፤ የቅዱሳንን ዝክር ባይቀምስም ንቀት አይደለም።

በመስከረም መጨረሻ ደግሞ ኢሬቻ አለ። በዚህ ዙሪያ ለኖረው የኦሮሞ ጎረቤታችን «ለውኃና ለዛፍ ልትሰግድ ነው?» ማለት ስድብ ነው። እርጥብ ሣርና አበባ ተይዞ ወደ ሆራ የሚወረደው ክረምቱን በሰላም ላሻገረው ዋቃ ምስጋና ለማቅረብ ነው። ከ2012 ወዲህ በዓሉ በአዲስ አበባም በሆራ ፊንፊኔ ይከበራል። ከታዳሚው መካከል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስላለ፣ ሄደ ተብሎ የሰው ሃይማኖት አይመረመርም።

የቀረው የእርድ ነገር ነው፤ በዚህስ ሁላችንም እኩል አጥፊዎች ነን። የጋራ ማረጃ ባለበት ግቢ በግ በደረጃ ላይ አይታረድም። ቆዳው ገዢ እስኪመጣ ጨው ይነስነስበት። ከአጥሩ ማዶ የሚወረወረውን ሆድ ዕቃ ግን ገዢ አይፈልገውም፤ በከተማው ዳር የሚያድረው ጅብ ነው የሚሰበስበው፣ ከዚያም በሚቀጥለው ሌሊት ሳይጠራ ይመጣል።