ደማቅ ሊፕስቲክ ለማን ይሄዳል? የበርበሬ ቀይና የቀይ ስር ቀይ

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ለሰርግ ከመራዊ ባህር ዳር እኔ ጋ መጣች። ጥቁር ናት፣ ቆዳዋ ጥርት ያለ። የሜካፕ ቦርሳዬን ገና ሳልከፍት «ቀይ ነገር እንዳትቀቢኝ፣ ለጥቁር ሰው አይሄድም» አለችኝ። ማን ነው እንዲህ ያለሽ ስላት «ሁሉም ሰው» አለች። ይሄ ነገር ከልቤ ያናድደኛል። ጠይምና ጥቁር ስለሆኑ ብቻ ዕድሜ ልካቸውን ከቡናማ ሊፕስቲክ ሳይወጡ የሚኖሩ ስንት ሴቶች አውቃለሁ። ለሁሉም ሰው የሚሄድ ደማቅ ቀለም አለ። አመራረጡን ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንለው ላይ ላዩን ነው። ከስሩ ደግሞ ሌላ ቃና አለ። ሁለት እህትማማቾች እኩል ጠይም ሆነው የአንዷ ቆዳ ወደ ወርቃማ፣ የሌላዋ ወደ ቀይ ስር ቀለም ሊያደላ ይችላል። አንዷን ያሳመረው ሊፕስቲክ ሌላዋን የታመመች የሚያስመስላት በዚህ ነው።

ቃናሽን ለማወቅ የእጅሽን ደም ስር እዪ ይባላል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በደንብ ስለማይታይ እሱን ተዪው። ይልቅ ጠዋት ፊትሽን ታጠቢ፣ ቅባት አትቀቢ፣ ነጭ ነጠላ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊና በር ላይ ቁሚ። ቀጥታ ፀሐዩ ውስጥ ሳይሆን ጥላው ላይ። አንድ ጆሮሽ ላይ የወርቅ፣ ሌላው ላይ የብር ጉትቻ አድርጊና መስታወት ተመልከቺ። በወርቁ በኩል ፊትሽ ከፈካ ቃናሽ ሞቃት ነው፣ በብሩ ከፈካ ቀዝቃዛ። ሁለቱም ካማሩብሽ መሃል ላይ ነሽና የፈለግሽውን ምረጪ።

አሁን ወደ ቀዩ። ቀይ ሊፕስቲክ አንድ አይደለም። ብርቱካን የገባበት አለ፣ እሱን የበርበሬ ቀይ እለዋለሁ። ሰማያዊ የገባበት ደግሞ አለ፣ የቀይ ስር ቀይ። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም «ቀይ» ናቸው፣ በዚያ በኒዮን መብራት ደግሞ ጭራሽ አይለዩም። ትንሽ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጊና በጣትሽ አሳሺው፣ ከዚያ ደጅ ወጥተሽ ጠርዙን እዪ። የሳሳው ጠርዝ ወደ ብርቱካን ከሄደ በርበሬ ነው፣ ወደ ሮዝ ከሄደ ቀይ ስር። ለሞቃት ቃና በርበሬው፣ ለቀዝቃዛ ቀይ ስሩ። እጅሽ ጀርባ ላይ አትሞክሪ፣ የእጅ ቀለም ከፊት ይለያል። ለከንፈር የጣት ጫፍ ይሻላል። ሰው ሁሉ የሞከረውን ደግሞ በፍጹም ከንፈርሽ ላይ እንዳታስነኪ።

የአክስቴ ልጅ በብሩ ፈካች። ስለዚህ ቀይ ስር። ግን የላይኛው ከንፈሯ ጠቆር፣ የታችኛው ሮዝ ያለ ነው፣ የብዙዎቻችን እንደዚያ ነው፣ እንዲሁ ብቀባት ሁለት ዓይነት ቀለም ይወጣ ነበር። በቡናማ የከንፈር እርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩና ውስጡንም በዚያው ሞላሁት። ከዚያ ሊፕስቲኩን ቀባሁ፣ በሶፍት ጫን አድርጌ አነሳሁ፣ ደገምኩት። መስታወቱን ሰጠኋት። ዝም አለች። ተነስታ በር ላይ ሄዳ በብርሃኑ እንደገና አየች፣ ከዚያ ተመልሳ ያንኑ ሊፕስቲክ በጣቷ ጉንጮቿ ላይ ነካ ነካ አደረገች። እኔ እንኳን ሳልነግራት! ለጥቁር ቆዳ ከዚያ የተሻለ የጉንጭ ቀለም (ብላሽ) የለም፣ ፈዛዛው ሮዝ ጭራሽ አይታይም።

ጥቁር ከሆንሽ ደፋር ሁኚ፤ ሐምራዊው፣ ደማቅ ሰማያዊ የዓይን ሻዶው (የቆብ ቀለሙ)፣ ወርቁ፣ ሁሉም ያንቺ ነው። ጠይም ላይ የሸክላና የመዳብ ቀለም ልዩ ነው። ቀይ ወይም ቀይ ዳማ ከሆንሽ ብርቱካንማ ሮዝና ደማቅ ሮዝ ያምርብሻል፣ በጣም ጠቆር ያለውን ወይን ጠጅ ግን መጀመሪያ ስስ አድርገሽ ጀምሪው። ዓይንና ከንፈርን እኩል ማድመቅ ይቻላል፣ ለጀማሪ ግን አንዱን ምረጪ።

ሻዶ ፊት ላይ አመድ የሚመስለው ብዙ ጊዜ የቆዳሽ ጥፋት አይደለም። ቀለሙ ትንሽ፣ ነጭ ዱቄቱ ብዙ ስለሆነ ነው። ከስር ተመሳሳይ ቀለም ያለው የዓይን እርሳስ ቀብተሽ ሻዶውን በረጠበ ብሩሽ ጫን ጫን ብታደርጊበት ይደምቃል።

ፋውንዴሽን፣ ማለትም ፊት ሙሉ የሚቀባው የቆዳ ቀለም ላይ ግን እባክሽ ተጠንቀቂ። አንድ ጊዜ አንድ ሳሎን ከቆዳዬ ሁለት ደረጃ የቀላ ቀቡኝና በፎቶው ፊቴና አንገቴ የሁለት ሰው መሰሉ። ጥፋቱ የሚጀምረው ከፋብሪካ ነው። ፌንቲ ቢዩቲ የተባለው የሜካፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 በ40 ዓይነት ቀለም ፋውንዴሽን ይዞ ሲወጣ ትልቅ ወሬ የሆነው ብዙ ኩባንያዎች ለጠቆረ ቆዳ የሚያወጡት ጥቂት ስለነበረ ነው። እኛ ሰፈር ዛሬም የቀላውን ማግኘት ይቀላል። መንጋጋሽ ላይ ሞክሪ፣ የሚጠፋው ነው ያንቺ። ካጣሽ ሁለት ቀላቅይ። ሳሎን ስትሄጂ የራስሽን ይዘሽ ሂጂ፣ «ቀላ አድርጉኝ» አትበይ። ቆዳ ለማንጣት የሚሸጡ ክሬሞችን ደግሞ አትንኪ፣ ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ።

አየሩም ይወስናል። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሚያዝያ ላይ ላቡ ፋውንዴሽን አያስቀምጥም፤ ስስ ቀብተሽ ወዝ የሚወጣበት ላይ ብቻ ፓውደር አድርጊ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ያልፋል፣ ብርዱና ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል። እዚያ ማት (የማያብረቀርቅ፣ ደረቅ ያለ) ሊፕስቲክ ከመቀባትሽ አስር ደቂቃ በፊት ቫዝሊን አድርጊና ጥረጊው።

ኩል ለማንኛውም ቆዳ ይሄዳል፣ ከደማቅ ከንፈር ጋር ደግሞ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም። ግን ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ የዱቄት ኩል ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል ስሙና ይዘቱ የተጻፈበትን ግዢ፣ ለሕፃን ዓይን በጭራሽ።

ማታ ደግሞ ማት ሊፕስቲክ በውኃ አይለቅም፣ በሳሙና አትፈትጊው። ትንሽ ዘይት ቀብተሽ አንድ ደቂቃ ተዪውና በሶፍት አንሺው።