ወጥታ የቀረች፦ ዓረብ ሀገር የጠፋ ሰው ፍለጋን የምስጢር ልቦለድ አድርጎ ለመጻፍ

ከምዕራፍ አንድ አትጀምሩ። አስቀድማችሁ በአንድ ወረቀት ላይ እውነቱን አስፍሩ፦ ልጅቱ ምን ሆነች? መቼ? ማን ያውቃል? የሚያውቀው ሰው ለምን ዝም አለ? አንባቢ ይህን የሚያገኘው መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ጸሐፊው ግን የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሳይጽፍ ጨርሶ ሊያውቀው ይገባል። ያለዚህ ወረቀት የተጀመረ የፍለጋ ታሪክ መሀል መንገድ ላይ መፍቻ ያጣል። ከዚያ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሰው ድንገት ተነሥቶ ሁሉን ይናዘዛል፤ አንባቢም እንደተታለለ ይሰማዋል፣ ቢሰማውም አይፈረድበትም።

ለምሳሌ የሚሆን ቤተሰብ እንፍጠር። ጥሩወርቅ ከመንዝ፣ ከሞላሌ አካባቢ ወጥታ ቤይሩት ሰው ቤት ገባች። ድምፅዋ ከጠፋ 20 ወር ሆኗል። ፈላጊዋ ታናሽ ወንድሟ ጌታነህ ነው፤ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል። አጎታቸው አያ ደምሴ መሬቷን ያርሳሉ፤ ከደላላው ጋር ያገናኟትም እሳቸው ናቸው።

ጌታነህን በምዕራፍ ሦስት ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ካወረዳችሁት መጽሐፉ እዚያው አበቃ። ቪዛ የለውም፣ ዓረብኛ አይችልም፣ ደመወዙ ለትኬት አይበቃም። የሰሜን ሸዋ አንባቢ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ከታሪኩ ሁለት ሦስተኛው በሞላሌ፣ በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ መካከል ይሂድ። ልጅቱ የጠፋችው ቤይሩት ቢሆንም፣ የጠፋችበትን ምክንያት ደብቆ የያዘው ሰው ከቤተሰቡ ጋር ቡና የሚጠጣ ይሁን። የዚህ ዓይነት ልቦለድ ጉልበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይህን ለማገልገል ይሠራ።

ጊዜው ለምን 20 ወር ሆነ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 እንደሚለው፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው ሲጸና የጠፋው ሰው ጋብቻ ይፈርሳል፣ ንብረቱም ወደ ወራሾች የሚሄድበት በር ይከፈታል። ይህ ለምስጢር ልቦለድ ትልቅ ስጦታ ነው። ለአያ ደምሴ የዝምታ ምክንያት ይሰጣቸዋል፣ ለጌታነህ ደግሞ አራት ወር ብቻ ይተውለታል። አንድ ቁም ነገር ግን አትርሱ፦ የሚቆጠረው የመጨረሻ ወሬዋ ከተሰማበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ደብዳቤ መጥቶ ከነበረና የደበቀው ሰው ካለ፣ ደብዳቤው የቤተሰብ ሐዘን ብቻ መሆኑ ይቀርና ቆጠራውን የሚያፈርስ ማስረጃ ይሆናል።

ስም

ብዙ ጸሐፊ የሚያልፈው፣ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጥ የፍንጭ ምንጭ ስም ነው። አንዲት የመንዝ ልጅ ዓረብ ሀገር ስትደርስ ቢያንስ አራት ስም ይኖራታል። በቤት ጥሩዬ ናት። በቤተ ክርስቲያን ወለተ ሥላሴ ናት። ፓስፖርቷ ላይ ደላላው ዕድሜዋን ከፍ ሲያደርግ የአያቷንም ስም አሳስቶ አስጽፎ ሊሆን ይችላል። ማዳሟ ደግሞ ለአፏ የሚቀል ሌላ ስም አውጥታላታለች። ወደ ሳዑዲ የሚሄዱ አንዳንድ ክርስቲያን ልጆች የእስላም ስም ይዘው እንደሚሄዱም ይታወቃል። ጌታነህ በየቢሮው "ጥሩወርቅ" እያለ ሲጠይቅ መዝገቡ ላይ እንዲህ የምትባል ሰው የለችም፤ ማንም ሳይዋሽ ፍለጋው ይጨነግፋል።

በላቲን ፊደል ጥ እና ት አንድ ናቸው፤ ቅ ደግሞ እንደ ጸሐፊው በሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል። ዓረብኛ ለጨ፣ ለጰ እና ለኘ የራሱ ፊደል የለውም፤ አጫጭር አናባቢዎቹም በተለመደው ጽሑፍ አይታዩም። እንግዲህ የአንዲት ልጅ ስም አምስት መልክ ይይዛል፣ የሁለት ልጆች ስም ደግሞ አንድ መልክ ሊይዝ ይችላል። በተጨማሪም በውጭ አገር ሰነድ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጠራል። እናትና ልጅ በእኛ ደንብ የሚጋሩት ስም ስለሌለ፣ እናትየው "ልጄ ናት" ብትል ወረቀቱ አይመሰክርላትም። ጌታነህ የቀበሌ የዝምድና ማስረጃ ለማውጣት የሚለፋበትን ምዕራፍ አታሳጥሩት፤ የመታወቂያው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አለመግጠሙን ያኔ ነው የሚያየው።

የክርስትና ስምን ለመጨረሻ አቆዩት። ቢሮ አያውቀውም፣ ደላላ አያውቀውም፣ ማዳም አታውቀውም። አንድ ሰው "እኔ ጥሩወርቅ ነኝ፣ ገንዘብ ላኩልኝ" ብሎ ቢጽፍ፣ እናትየው የክርስትና ስሟን ጠይቃ ትለየዋለች። ይህ እንዲሠራ ግን ስሙ ቀደም ብሎ ሁለት ጊዜ መነሣት አለበት፦ አንዴ የንስሐ አባቷ በጸሎት ሲያነሡት፣ አንዴ ደግሞ ማንም ልብ በማይልበት ወሬ መሀል። አንዴ ብቻ ከተነሣ አንባቢ ይረሳዋል፤ ሦስት ጊዜ ከተነሣ ይነቃበታል።

ቀንና ሰዓት

በአቆጣጠር ላይ የሚሠራ እንቆቅልሽ ለአማርኛ አንባቢ የተሰጠ ነው። ዓመቱን ብትጨምሩበት የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነቱ ወዲያው ያጋልጠዋል፤ ስለዚህ ዓመት የሌለው ቀን ተጠቀሙ። በፎቶ ጀርባ ላይ "3/4" ተብሎ ቢጻፍ በእኛ ታኅሣሥ 3 ነው። በፈረንጅ ኤፕሪል 3 ከሆነ ግን መጋቢት 25 ነው። በመካከሉ 3 ወር ከ22 ቀን አለ። በታኅሣሥ ጠፋች የተባለችው ልጅ በመጋቢት ፎቶ ተነሥታ ከነበረ ታሪኩ በሙሉ ይገለበጣል።

ሰዓትም እንዲሁ። ቤይሩት በብርዱ ወራት ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ግን ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ እኩል እንሆናለን። ሳዑዲና ኩዌት ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። አሁን አንዲት ምስክር አስቡ፤ ቤይሩት ብዙ ዓመት የኖረች ጓደኛዋ "በጥር ነው፣ 3 ሰዓት ላይ ደውላልኛለች" ትላለች። ጌታነህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። ሴትየዋ ግን የለመደችው የዚያን አገር ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ 3 ማለቷ ነው፣ በእኛ 10 ሰዓት። አምስት ሰዓት ሙሉ ማንም ያልተጠየቀበት ጊዜ ይቀራል። ይህን ከመጻፋችሁ በፊት በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩና የታሪኩን እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሩ። ሳታሰምሩ የምትጽፉ ከሆነ እናንተው ትጠፋላችሁ።

ታሪኩን በ2012 ካስቀመጣችሁት ከእውነተኛው ዓመት ማምለጥ አይቻልም። በሊባኖስ የገንዘቡ ዋጋ ወድቆ ብዙ ቀጣሪ ደመወዝ መክፈል አቁሞ ነበር። የቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት 9 እስከ ሰኔ 24 ለመደበኛ በረራ ዝግ ነበር። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በቀጣሪዎቻቸው እየተወሰዱ ቆንስላው ደጃፍ ተጥለዋል። ሐምሌ 28 ደግሞ የወደቡ ፍንዳታ ደረሰ። በዚያ ዓመት የጠፋች ልጅ ታሪክ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካልነካ፣ እዚያ የነበረ አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

ስልክ

የአገር መለያ ቁጥሮቹን በቃል ያዙ፦ ሊባኖስ 961፣ ኩዌት 965፣ ሳዑዲ 966፣ የመን 967፣ ኤምሬትስ 971። የመጨረሻ አኃዙ የደበዘዘ ወረቀት ፍለጋውን ወደ ሌላ አገር ይመራዋል።

ዋትስአፕ ላይ በብዛት የሚሠራ ስሕተት አለ። ጸሐፊው ወንድምየው የላከው መልእክት ከስድስት ወር በኋላ በድንገት የመድረሱን ሁለት ምልክት እንዲያሳይ ያደርጋል። አይሆንም፤ ያልደረሰ መልእክት የሚቆየው 30 ቀን ነው፣ ከዚያ ይጠፋል። 120 ቀን ያህል ያልተከፈተ አካውንትም ይሰረዛል። ጌታነህ በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዲስ መልእክት የሚልክ ይሁን። አንድ እሑድ የላከው ሁለት ምልክት ሲያሳይ ያ ስልክ በዚያ ወር ውስጥ ተከፍቷል ማለት ነው። ማን ከፈተው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሲም ካርዱ ለሌላ ሰው ተላልፎም ሊሆን ይችላል። ይህ የሐሰት ተስፋ በመጽሐፉ መሀል ላይ በጣም ያማል፤ አንባቢውም አብሮ እንዲታመም ቢያንስ አራት ገጽ ስጡት።

ገንዘብ

ልጅቱ ድምፅዋ ጠፍቶም ገንዘብ ቢመጣስ? በዌስተርን ዩኒየን ከሆነ 10 አኃዝ ያለው ቁጥርና የላኪ ስም ያለበት ደረሰኝ አለ። በሐዋላ ከሆነ ግን ቤይሩት ላይ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ደብረ ብርሃን ላይ ሌላው በእጁ ይከፍላል፤ ወረቀት የለውም፣ ያለው የሚከፍለው ሰው ፊት ብቻ ነው። ለመርማሪያችሁ ሐዋላው ይሻላል። ፊትን ተከታትሎ መድረስ የሞላሌ ልጅ የሚችለው ሥራ ነው።

የዝምታዋ ምክንያት

ከእነዚህ አንዱን ምረጡና ሌሎቹን የሐሰት መንገድ አድርጓቸው፦ ስልኳን ማዳሟ ወስዳባታለች፤ ከቤት ወጥታ ወረቀት አልባ ሆናለች፤ ታስራለች፤ ሞታለች፤ ወይም ራሷ ላለመገኘት ወስናለች። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በቀጣሪዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሳዑዲ ቢሆን ከቤት የወጣችዋን ቀጣሪዋ "ሁሩብ" (ኮብልላለች) ብሎ ያስመዘግባታል። ስለዚህ ተበድላ የወጣች ልጅ ፖሊስ ጋ መሄድ እስር ሊያመጣባት ይችላል። ይህን አንባቢ ካልተረዳ "ለምን አትከስም?" እያለ ይሰለቻል።

የመጨረሻው ምክንያት፣ ራሷ መደበቋ፣ ከባዱ ግን ምርጡ ነው ብለን እናምናለን። ቀይ መስቀል የጠፉ ቤተሰቦችን በነጻ ያፈላልጋል፤ ነገር ግን የተፈለገው ሰው ካልፈቀደ አድራሻውን ለፈላጊው አይሰጥም። ጌታነህ ቅጹን ሞልቶ ወራት ጠብቆ ይህን ደንብ ሲረዳ፣ "ማን አጠፋት?" የሚለው ጥያቄ "ከማን ነው የሸሸችው?" ወደሚለው ይዞራል። መልሱ ወደ ቤቱ ያመጣዋል።

ንግግርና ሐዘን

ምርመራውን እንደ ፖሊስ ቃል መቀበያ አታድርጉት። የመንዝ ልጅ አጎቱን በቀጥታ አይከስም፤ ዙሪያውን ዞሮ፣ በአክብሮት ነው የሚወጋው።

— አያ ደምሴ፣ ደላላውን ያመጡት አንቱ አይደሉ?
— እኔ መንገድ ነው ያሳየሁ። የሄደችው በእግሯ ነው።
— መልሳ ጽፋለች ይባላል።
— ማን ነው የሚለው?

አጎትየው "አልጻፈችም" አላሉም። ፍንጩ ይህ ብቻ ነው፤ ጌታነህ እዚያው እንዲነቃበት አታድርጉ፣ ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ሌሊት ላይ ይምጣበት።

ሐዘኑ የራሱ እንቆቅልሽ አለው። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ሰው በሌሊት ወደ ግቢው ሲመጣ ያየች እናት ማንም ሳይናገር ትጮኻለች። ሬሳ ለሌለው ሰው ለቅሶ ይቀመጣል? 40ው ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? እድሩስ ይከፍላል? አያ ደምሴ መርዶው እንዲነገር ሲገፉ እናትየው "ልጄ አልሞተችም" ብላ ነጠላዋን ለማዘቅዘቅ እምቢ ትበል። ለቅሶውን የሚያጣድፈው ሰው ማን እንደሆነ አንባቢ እንዲያይ አድርጉ፣ አስተያየት ግን አትስጡበት።

መልክዓ ምድሩን በሁለት ሦስት ምት ጨርሱት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጌታነህ ጋቢውን አውልቆ ይይዛል። ያው መንገድ ወደ ኮምቦልቻ፣ ባቲና ሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል፤ በሕገ ወጥ መንገድ ወደ የመን የሚሻገሩት ከኦቦክ ነው። ባለታሪካችሁ በቦሌ ከሄደች የኤጀንሲ ውልና የሕክምና ወረቀት ሊኖር ይችላል፤ በዚህ መንገድ ከሄደች ያለው የሰው ትዝታ ብቻ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሦስት ሰዎች ስጡት፦ ከዓረብ ሀገር ለተመለሰች ሴት፣ ለአንድ ካህን፣ ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ አንባቢ። ሴትየዋ ስለ ማዳምና ስለ ስልክ የጻፋችሁትን፣ ካህኑ ስለ ክርስትና ስምና ስለ ተዝካር የጻፋችሁትን ያርማሉ። የምታውቁትን እውነተኛ ቤተሰብ ታሪክ ተውሳችሁ ከሆነ ስሙንም፣ ቀበሌውንም፣ የዘመድነቱንም ዓይነት ለውጡ፤ አንዲት እናት ገና ስልክ እየጠበቀች ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውን አንባቢ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ አያ ደምሴን በየትኛው ገጽ ላይ ጠረጠርካቸው? ከመጽሐፉ ሩብ በፊት ከሆነ የደላላውን ነገር ወደ ኋላ ግፉት፤ እስከ መጨረሻው ካልጠረጠረ ደግሞ የለቅሶውን ምዕራፍ እንደገና ጻፉት።