ከጎንደር ወደ አልበርታ፦ የመጀመሪያው ዓመት ኑሮና የቤተሰብ በዓላት

ከጎንደርና ከዙሪያዋ ወረዳዎች ተነሥተው በካናዳ የአልበርታ ክፍለ ግዛት፣ በተለይም በካልጋሪና በኤድመንተን ኑሮ ለሚጀምሩ ቤተሰቦች የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ በወረቀትና በሥራ ላይ ያተኮረ ነው። ሁለቱም የግድ ናቸው። ይሁን እንጂ የበዓሉ ነገር «ስንደላደል እንደርስበታለን» እየተባለ ሲቆይ፣ ልጆች ገናን ታኅሣሥ 16 ቀን፣ አዲስ ዓመትንም በበረዶ መካከል ብቻ እያወቁ ያድጋሉ። ጎንደር ሳለን ለበዓል የሚያሰናዳን ከተማው ነው፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደወል፣ የቅዳሜ ገበያ ግርግር፣ የጎረቤት ጠላ ጥንስስ ቀኑ መድረሱን ይነግሩናል። በአልበርታ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቤተሰቡ ራሱ ስለሆነ፣ የበዓላት ዝግጅት ከመጀመሪያው ወር ሥራዎች አንዱ ሆኖ ቢያዝ ይሻላል።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ በመጀመሪያ ለሥራም ለግብርም የሚያስፈልገውን ሲን ነምበር የተባለውን ባለ9 አሐዝ ቁጥር ማውጣት ያስፈልጋል፤ ክፍያ የለውም። ለክፍለ ግዛቱ የጤና መድን ደግሞ ከገቡ በ3 ወር ውስጥ መመዝገብ ይገባል፤ መድኑ የሐኪምና የሆስፒታል ወጪን ሲሸፍን የጥርስ ሕክምናንና ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒትን በአብዛኛው አይሸፍንም። ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ በ911፣ ነርስ ለማማከር ደግሞ በ811 ይደወላል። ከ18 ዓመት በታች ልጆች ያሏቸው ወላጆች ቻይልድ ቤኒፊት የተባለው ወርኃዊ ድጎማ እንዳይቋረጥባቸው ባልም ሚስትም ገቢ ባይኖራቸው እንኳ በየዓመቱ ታክስ ማስታወቅ አለባቸው። ከጎንደር ስትነሡ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ በእጅ ሻንጣ ያዙ። እናት፣ አባትና ልጅ የየራሳቸውን አባት ስም ስለሚይዙና በዚያ አገር አሠራር የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው መስለው ስለሚታዩ፣ የልደት ወረቀቱ በየቢሮው ይጠየቃል።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ብዙ አዲስ ገቢዎች የሚቸገሩበት የመጀመሪያው ነገር ቡና ማፍላት ነው። አፓርታማዎቹ ሁሉ በጣሪያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ አላቸው፤ ቡናው ጠቆር ብሎ ማጨስ ሲጀምርና ዕጣኑ ሲታከልበት መሣሪያው ይጮኻል፤ በአንዳንድ ሕንፃዎችም ጎረቤት ሁሉ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል። መፍትሔው ቡናውን በምድጃው ላይ፣ ከበላዩ ያለውን ጭስ መሳቢያ ከፍቶ፣ መስኮቱንም ገርበብ አድርጎ በጥቂት በጥቂቱ መቁላት፣ ዕጣኑንም ጢሱ ከወጣ በኋላ በትንሹ ማጨስ ነው። መሣሪያውን በጨርቅ መሸፈን ወይም ባትሪውን ማውጣት ፈጽሞ አይገባም። ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለምነው ግን በቤት ውስጥ ከሰል እንዳይቀጣጠል ነው። በጎንደር በሩ ክፍት ሆኖ፣ ነፋስ እየገባ የሚጠጣበት ቡና በዚያ የለም፤ የክረምት ቤት ከዳር እስከ ዳር የታሸገ ስለሆነ ሽታም ቀለምም የሌለው የከሰል ጋዝ ቤተሰብን በተኛበት ይገድላል።

ምጣድ ከአገር ቤት መውሰድም አይጠቅምም፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን የካናዳ የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ ለዚያ ኃይል የተሠራ ምጣድ እዚያው መግዛት ይቀላል። የጤፍ ዱቄት በሁለቱም ከተሞች ባሉ የአበሻ ሱቆች ይገኛል። በክረምት ሊጡ አልቦካ ቢል፣ መብራቱ ብቻ በርቶ ባልተለኮሰ ኦቨን ውስጥ ማሳደር ይበቃል። በርበሬና ሽሮ ይዞ መግባት የሚቻል ሲሆን በመግቢያው ላይ ሳይደብቁ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ቋንጣና ሌላ ሥጋ ነክ ነገር ግን ስለሚወሰድ ባታስቡት ይሻላል። ብርዱን በተመለከተ፣ የዳባትንና የደባርቅን ውርጭ የሚያውቅ ሰው እንኳ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርሰውን የአልበርታ ጥር በነጠላና በሹራብ አይወጣውም። የልጆች የበረዶ ቱታ፣ ጫማና ጓንት ከጥቅምት በፊት ይገዛ፤ ያገለገለው በርካሽ ይገኛል፣ ነውርም የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አልበርታ በሕግ የታወቁ 9 አጠቃላይ በዓላት ያሏት ስትሆን ከእነዚህ መካከል እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ የእኛ ገናና ጥምቀት የሉም። ከ9ኙ አንዱ የሆነው ስቅለት እንኳ ከእኛ ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ሁለቱም ፋሲካዎች ሚያዝያ 12 ቀን ሲውሉ፣ በ2018 ዓ.ም. ግን የእኛ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ሚያዝያ 4 ቀን ውሏል። ስለዚህ ባለሁለት ዘመን አቆጣጠር ካላንደር ወጥ ቤት ውስጥ ስቀሉና የዓመቱን በዓላት በቀይ አክብቡ። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ጊዜ እንቁጣጣሽና መስቀል በፈረንጆቹ አንድ ቀን ወደፊት እንደሚገፉ፣ ተከታዩ ጥምቀትም በጃንዋሪ 19 ፈንታ በ20 እንደሚውል አትርሱ።

ቀኖቹ ከታወቁ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ ይከተላል። በአልበርታ የሥራ ሕግ መሠረት ሠራተኛ የ2 ሳምንት ዓመታዊ ዕረፍት የሚያገኘው አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት ያለው አማራጭ ከባልደረባ ጋር ሺፍት መለዋወጥ ወይም ያለ ክፍያ መቅረት ነው። የክፍለ ግዛቱ የሰብአዊ መብት ሕግ በሃይማኖት ምክንያት የሚደረግ አድልዎን ይከለክላል፤ አሠሪውም ከመጠን ያለፈ ችግር እስካላስከተለበት ድረስ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ግዴታ እንዲያስተናግድ ይጠበቅበታል። እንደ እኔ እምነት ግን ሕጉን መጥቀስ የመጨረሻ መሆን አለበት። ፈረንጆቹ በታኅሣሥ 16ቱ ገናቸው ቀን ሺፍታቸውን የሚሸፍንላቸው ሰው አጥብቀው ስለሚፈልጉ፣ ያን ቀን ገብቶ ታኅሣሥ 29ን በምትኩ መጠየቅ ሁለቱንም ወገን ያስደስታል። የእነርሱ ገና በእኛ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል በማዕድም በኩል የሚቀርብን ነገር የለም። ለትምህርት ቤትም ልጁ በየትኛው ቀንና ለምን እንደሚቀር አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል፤ ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን በደብዳቤው ላይ ማስፈር መምህሩ ጉዳዩን በቀላሉ እንዲረዳው ያደርጋል።

የአገሩንም በዓላት መናቅ አያስፈልግም። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌብሯሪ ሦስተኛው ሰኞ በአልበርታ ፋሚሊ ደይ ተብሎ ይከበራል፤ ስሙም እንደሚያመለክተው የቤተሰብ ቀን ነው። በብርዱ መካከል ወላጅ በሁለት ሥራ ተወጥሮ፣ ልጅም በስልክ ተጠምዶ ሳለ የሚመጣ የዕረፍት ሰኞ ለእኛ ብዙ ያደርጋል፤ በአንዳንድ ዓመታት ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጋር ይጎራበታል፤ በ2018 ዓ.ም. እንዲያውም ጾሙ በተያዘበት በየካቲት 9 ቀን ውሏል። በእንዲህ ያለው ዓመት የእሑዱን ቅበላ ከሌሎች የጎንደር ቤተሰቦች ጋር በአንድ ቤት ማሳለፍና ሰኞን ከልጆች ጋር በበረዶ ላይ መዋል ይቻላል። በጓሮ በግ ማረድ በከተማ ስለማይፈቀድ፣ ለትልልቆቹ በዓላት ጥቂት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው ፈቃድ ካለው ቄራ ሥጋ በማምጣት ቅርጫውን እንደ ልማዳቸው ይከፋፈላሉ።

ለጎንደር ሰው ከባዱ ቀን ጥምቀት ነው። በሁለቱም ከተሞች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ያሉ ሲሆን አንዳንድ አጥቢያዎች ብርዱንና የሥራ ቀንን በማሰብ ሥርዓቱን በአዳራሽ ወይም በተከታዩ ቅዳሜና እሑድ ይፈጽሙታል። ከዚህ ሌላ ቤተሰቡ በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። በዚያ ሰሞን አልበርታ ከጎንደር በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ በፋሲል መጠመቂያ ጥር 11 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን በካልጋሪ የጥር 10 ምሽት 2 ሰዓት ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ እራት በልተው፣ ነጭ ለብሰው ከወላጆቻቸው ጋር የጸሎቱንና የጠበሉን ሥርዓት በቀጥታ ስርጭት መከታተል የሚችሉት በዚህ ሰዓት ነው። አያት በመጠመቂያው ዳር ካለች በስልኳ ታሳያቸው፤ የትኛው ታቦት በየት በኩል እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ከእርሷ የሚሰሙት ከቴሌቪዥን አይገኝም።

ሙስሊም ቤተሰቦችም በኤድመንተን በ1938 እ.ኤ.አ. የተከፈተውንና በካናዳ የመጀመሪያ የሆነውን የአል-ራሺድ መስጊድን ያገኛሉ። ለኢድና ለአረፋም የፈቃድ አጠያየቁ ከላይ እንደተነገረው ነው፤ ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰን ለአለቃ ሁለት ተከታታይ ቀኖችን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ለበዓል ወደ ቤት የሚላክ ገንዘብ በዋዜማው ሳይሆን ከሳምንት በፊት በባንክ በኩል ይላክ፤ እናት ዶሮና ቅቤ የምትገዛው ገበያው ሳይወደድ ነው። ለጥምቀት ራሳቸው ወደ ጎንደር መሄድ የሚያስቡ ደግሞ የአውሮፕላን ቦታውን በአገር ቤት የክረምት ወራት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ቢይዙ መልካም ነው፤ በበዓሉ ሰሞን ወደ አዘዞ የሚደረገው በረራም የከተማው ሆቴሎችም ይሞላሉ። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን ካናዳ መገኘት ይጠበቅበታል፤ ሲመለስም አውሮፕላን ላይ ለመሳፈር የጸና የነዋሪነት ካርድ ይጠየቃል፤ በስደተኝነት የገባ ግን ትኬት ከመቁረጡ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ሊያልቅበት የቀረበ ደግሞ ኤምባሲያችን ያለው በኦታዋ መሆኑንና ጉዳዩ በፖስታ መመላለስ ሊጠይቅ እንደሚችል አስቦ ዕድሳቱን ከመስከረም ሳያሳልፍ ይጀምር።