አዳማ ላይ ቧንቧ የሚገድለው ፀሐይ ነው

ብርዳማ አገር ያሉ ሰዎች ቀዝቃዛው ወቅት ሲመጣ ቧንቧቸውን ይጠቀልላሉ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ መሄጃ ሲያጣ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ይህን ስልኩ ላይ አይቶ «የኛስ?» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። አዳማ ላይ ቧንቧ ውስጥ ውሃ በረዶ አይሆንም። መጠቅለሉ ግን ለኛም ያስፈልገናል። እኛ የምንጠቀልለው ከፀሐይ ለማዳን ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ስህተት ይሄ ነው፦ ፒፒአርን፣ ማለትም በሙቀት የሚበየደውን የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ጣሪያና ውጭ ግድግዳ ላይ ራቁቱን መዘርጋት። ከተማውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከሮቶ የሚወርደው መስመር በየቤቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። በቅርቡ ቦኩ በኩል አንድ ግቢ ተጠራሁ። ቧንቧው አረንጓዴ ነበር፤ ፀሐይ በሚመታው ጎኑ ነጥቷል። ጣቴን ሳሳርፍበት እንደ ጠመኔ እጄ ላይ ቀረ። መገጣጠሚያውን ልፈታ ገና ቁልፍ ሳስይዝ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ሃምሳ ዓመት ያገለግላል ተብዬ እኮ ነው የገዛሁት፣ የኔ ልጅ» አሉኝ የቤቱ እመቤት።

«እውነት ነው፣ እትዬ። ግን ግድግዳ ውስጥ ሲቀበር ነው።»

ሻጩ አልዋሻቸውም። የዘረጋው ሰው ነው የበደላቸው። ፒፒአር ልስን ውስጥ ከገባ ረጅም ዕድሜ አለው። የፀሐይ ጨረር ግን ከላይ ጀምሮ ያደርቀዋል፣ ይሰባበራል። ግድግዳ ውስጥ መቅበር ካልተቻለ በስፖንጅ ሸፍኑት። ስፖንጁም ብቻውን ከተተወ ፀሐይ ይበላዋል፤ ስለዚህ ከላይ በአልሙኒየም ፕላስተር ጠቅልሉት። «ቀለም ልቀባው» የሚል አለ። ፒፒአር ቀለም አይዝም፣ ተልጦ ይወድቃል። አቅም ካለ ደግሞ ውጭ ያለውን መስመር በጋልቫናይዝድ ብረት አድርጉት።

ፀሐይ የሚያደርሰው ሌላም ጉዳት አለ። ፒፒአር ሲሞቅ ይረዝማል። ጠዋት 15 ዲግሪ የነበረ 10 ሜትር ቧንቧ፣ ከሰዓት ቆርቆሮ ላይ 45 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 4.5 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ማታ ተመልሶ ያጥራል። በየቀኑ! በየሜትሩ በክላምፕ (በቧንቧ ማሰሪያ) ጥፍር አድርገው ያስሩታል፤ ከዚያ መገጣጠሚያው ላይ ለምን እንደሚያፈስ ይገርማቸዋል። አንድ ቦታ ላይ አጥብቁት፣ ሌላው ክላምፕ ቧንቧውን ያንሸራትት። ረጅም መስመር ላይ ደግሞ በኤልቦ (በማጠፊያ መገጣጠሚያ) እጥፋት ስጡት።

ለጀማሪ ልጆች አንድ ነገር ልበል፤ ስትሠሩ ሳይ ደስ ትሉኛላችሁ፣ ግን ትቸኩላላችሁ። ወይም ትዘገያላችሁ። ፒፒአር ሲበየድ መሣሪያው 260 ዲግሪ መድረስ አለበት። 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ 25ቱ 7 ሰከንድ ይበቃዋል። «ለጥንቃቄ» ብላችሁ ስታቆዩት ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ሻወሩ ግፊት የለውም ተብሎ ፓምፕ ሊገዛ የነበረ ሰው ቤት አንድ ኤልቦ ቆርጬ ሳይ፣ የቀረው ቀዳዳ እርሳስ እንኳ አያሳልፍም። ከገጠማችሁ በኋላም አታሽከርክሩት።

ሮቶ። 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ይመዝናል፤ ብረት ማስቀመጫው ይህን አስቦ የተበየደ ይሁን፣ የሮቶው መቀመጫም ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይረፍ። ባዶ ሲሆን ደግሞ ቀላል ነው። የከተማችንን ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ ተርባይኖቹ በከንቱ አልተተከሉም። እሰሩት።

ቼክ ቫልቭ፣ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን፣ አትርሱ። ሮቶው የሚሞላው ከላይ በሚገባ መስመር ብቻ ካልሆነ፣ የከተማው ውሃ ሲጠፋ የሮቶው ውሃ በመጣበት ተመልሶ ይሄዳል። ጠዋት ባዶ ሮቶ አይቶ ጎረቤት የሚጠረጥር አለ።

ፓምፕን በቀጥታ ከመንገድ መስመር ጋር ማገናኘት ግን ስህተት ብቻ አይደለም፣ ነውር ነው። የጎረቤትን ውሃ ትስባላችሁ። መስመሩ የተቀደደበት ቦታ ካለም ፓምፑ በዙሪያው ያለውን ጭቃና ፍሳሽ ይስባል፣ ልጆቻችሁ የሚጠጡት እሱን ነው። ደጋግሜ እምቢ ያልኩት ሥራ ይሄ ነው፤ አሁንም እምቢ እላለሁ። መሬት ላይ ሌላ ሮቶ አስቀምጡ፣ ውሃው በራሱ ጊዜ ይሙላው፣ ከዚያ ወደ ላይ ግፉት።

የቦይለር ሴፍቲ ቫልቭ፣ ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው፣ «ያንጠባጥባል» ተብሎ አይደፈንም። በፍጹም።

ልስንና ሴራሚክ ከመምጣቱ በፊት መስመሩን በግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ፈትሹ። በሥራ ላይ ከሚኖረው ግፊት ቢያንስ 1.5 እጥፍ ስጡት፤ ሰዓቱን እያያችሁ ጠብቁ፣ መርፌዋ ከወረደች የሚያፈሰውን ፈልጉ። ባለቤቱ ቢቸኩልም፣ ግንበኛው ቢቆጣም ይህን አትዝለሉ። ፈተናውን ካለፈ በኋላ ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ እያንዳንዱን መስመር በስልክ ፎቶ አንሱና ለባለቤቱ ላኩለት። ነገ ቲቪ ሊሰቅል ድሪል የሚያነሳው ሰው ቧንቧው የት እንዳለ የሚያውቀው በዚያ ነው።