የኒውዮርክ ዋጋና የጓሯችን ቡና፦ ከመሸጣችሁ በፊት ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት

ቤተሰባችሁ ቡና የሚያመርት ከሆነ ይህን አንብቡና ለአባታችሁ፣ ለእናታችሁ፣ ለአጎታችሁ አስረዱልኝ። እኔ ጌዴኦ ዞን ውስጥ በአንድ የቡና ገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያደግኩትም እዚያው፣ እንሰትና ቡና ተቃቅፈው በሚበቅሉበት ጓሮ ነው። ጥቅምት በገባ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ዘንድሮ እሸት ስንት ገባ?" እያለ ነው፤ እሸት የምንለው ገና ከዛፉ የተለቀመውን ቀይ ቡና ነው። እኔ ግን "ስንት መሆን ነበረበት?" ተብዬ ብጠየቅ ደስ ይለኛል። መልሱን ገበሬው ራሱ ማስላት ይችላል። አንድ ስልክና የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል።

ሉላዊነት ሲባል ብዙ ሰው ስለ ኢንተርኔትና ስለ ውጭ አገር ፋሽን ያስባል። እኛ ጋ ግን ጓሮ ውስጥ ነው ያለው። ብራዚል ውርጭ ሲመታት እዚህ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል። ብራዚል ጥሩ ዝናብ ሲዘንብ እዚህ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ስለዚህ ከዋጋው እንጀምር።

ቁጥሩን ማንበብ

የአረቢካ ቡና መነሻ ዋጋ የሚወጣው ኒውዮርክ በሚገኘው አይስ በሚባለው ገበያ ነው። በስልካችሁ "አረቢካ ኮፊ ፕራይስ" ብላችሁ ብትፈልጉ ወዲያው ይመጣል። በእኛ የመልቀሚያ ወራት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ገበያው የሚዘጋው ከምሽቱ 3፡30 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር ጻፉ። በየደቂቃው ማየት ጭንቀት ብቻ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል።

ገበያው 300 አሳየ እንበል። ይህ ለአንድ ፓውንድ 300 የአሜሪካ ሳንቲም ማለት ነው፤ 3 ዶላር። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው። 3 በ2.2 ሲባዛ 6 ዶላር ከ60 ይሆናል። ይህ ተፈልፍሎ፣ ደርቆ፣ ተበጥሮ ለመላክ የተዘጋጀ የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ነው። ይህን በዚያ ሳምንት የባንክ ምንዛሪ አባዙት። ለስሌት እንዲመቸን ዶላሩን 150 ብር ብናደርገው 990 ብር ይመጣል።

አሁን ወደ እሸቱ እንመለስ። አንድ ኪሎ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። 990 ለ6 ሲካፈል 165 ብር ነው። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ከሆነ የምታካፍሉት በግምት ለ2 ነው፤ 495 ብር ይሆናል። በፈረሱላ የምትነጋገሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና በ17 አባዙት።

ልብ በሉ፣ ይህ 165 ብር የምትቀበሉት ዋጋ አይደለም። መለኪያ መስመር ነው። ከእሱ ላይ እሸቱ ተፈልፍሎ የሚታጠብበት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ሲያገላብጡ የሚውሉት ሴቶች ደሞዝ፣ ጆንያው፣ እስከ አዲስ አበባ ያለው መኪና፣ ማበጠሪያው፣ የባንክ ወለዱ፣ ጅቡቲ ድረስ ያለው ጉዞ፣ ከዚያም የየአንዳንዱ ነጋዴ ትርፍ ይቀነሳል። በላዩ ደግሞ የሚደመር አለ። ጥሩ የታጠበ ይርጋጨፌ ከኒውዮርክ ዋጋ በላይ ጭማሪ ያገኛል፤ ደረጃው ዝቅ ያለ ደረቅ ቡና ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ይሸጣል። ስሙ ራሱ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ክርክር የተነሣው በዚህ ምክንያት ነበር። ጉዳዩ በ2007 በስምምነት አለቀ።

እንግዲህ ደብተር አውጡ። በየሳምንቱ ሦስት ቁጥር ብቻ ጻፉ፦ የኒውዮርኩን፣ የባንኩን ምንዛሪና ጣቢያው የከፈለውን። አንድ ወቅት ሙሉ ከጻፋችሁ በመለኪያ መስመሩና በእጃችሁ በሚገባው መካከል ያለውን የተለመደ ልዩነት ታውቁታላችሁ። ልዩነቱ ድንገት ሲሰፋ ያኔ ጠይቁ። ሰብሳቢው "ገበያው ወርዷል" ካለ ደብተሩን ክፈቱለት። አነጋገሩ ወዲያው ሲቀየር አይቻለሁ።

አንዳንዴ የአገር ውስጡ ዋጋ ከመስመሩ በላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህም ምክንያት አለው። ዶላር በነጻ ገበያ ባልነበረበት ዘመን ብዙ ላኪ ቡናው ላይ እየከሰረ ይልክ ነበር፤ ባገኘው ዶላር ያስመጣው ብረትና መኪና ላይ ስለሚያካክሰው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን ይህ ልማድ ጥቅሙ ቀንሷል። ስለዚህ "አምና እንዲህ ነበር" ብሎ የድሮውን ልዩነት መያዝ አያዋጣም። የዘንድሮውን ጻፉ።

ሚዛኑንም አትርሱ። ዋጋ ላይ አንድ ብር ተከራክሮ ሚዛን ላይ ሁለት ኪሎ የሚያጣ ሰው ብዙ ነው። ባዶ ጀሪካን አስመዝኑ። ከዚያ በባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አሥር ጊዜ ውሃ ለክታችሁ ሙሉት። ሚዛኑ ከባዶው 20 ኪሎ ጨምሮ ካላሳየ ቡናችሁን አትጫኑበት።

ዋጋው ለምን ይዘልላል?

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ትንቢት ለመናገር አይደለም። ዛሬ የተወደደው ነገ እንደሚወርድ አውቆ ለመዘጋጀት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1975 ብራዚልን ከባድ ውርጭ መታት፤ በ1977 ዋጋው በፓውንድ ከ3 ዶላር አለፈ። አምራችና ሸማች አገሮች በኮታ የሚመሩበት የቡና ስምምነት በ1989 ፈረሰ። ከዚያ ቬትናም በስፋት ማምረት ጀመረች። በ2001 ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። በእኛ አቆጣጠር 1994 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የለቃሚ ዋጋ እንኳን ስለማይመልስ ቡናው ዛፉ ላይ ደርቆ የቀረበት ጓሮ እንደነበር አባቴ ይናገራል። በሐረርጌና በሲዳማ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውም በዚያ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ የብራዚል ድርቅ ዋጋውን ከ4 ዶላር በላይ ሰቀለው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አሜሪካ በብራዚል ዕቃ ላይ 50 በመቶ ታሪፍ (የገቢ ዕቃ ቀረጥ) ስትጥል ገበያው እንደገና ተናጠ፤ ኅዳር ላይ ቡና ከታሪፉ ወጣ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም እኛ አልወሰንነውም። ሁሉም ግን ሌማታችን ላይ ደርሷል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ቡናው ገና አበባ ሳለ በብድር አትሽጡት። ክረምት ላይ እህል ሲያልቅ ነጋዴው ገንዘብ ያበድራል፤ መከር ሲደርስ በዚያን ጊዜ በተቆረጠ ዋጋ ቡናውን ይወስዳል። ዋጋ በጨመረበት ዓመት በዚህ መንገድ የሚሄደው ገንዘብ ያማል። መውጫው ከማኅበሩ ወይም ከቁጠባ ተቋም መበደር ነው፤ እሱም ባይገኝ ከምርቱ ጥቂቱን ብቻ ማስያዝ። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በገባ ሳምንት የክረምቱን በቆሎ ግዙ። ሞተር ሳይክሉ ይደርሳል።

የገቢውን ትክክለኛ መጠን ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ቡናውን በዘይት ይለካው። የምንበላው የፓልም ዘይት የሚመጣው ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ ነው። ማዳበሪያውም ከውጭ ነው። እኛ በዶላር እየሸጥን በዶላር እንገዛለን። አምና አንድ ሊትር ዘይት በስንት ኪሎ እሸት ገዛችሁ? ዘንድሮስ? የእሸቱ ዋጋ በብር አድጎ በዘይት ከቀነሰ፣ ያደገ ነገር የለም።

አውሮፓ ስለጠየቀችው ቦታ

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሕግ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና ወደ አውሮፓ እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊነቱ ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን አልቆመም። ለዚህ ነው ወጣቶች የየማሳውን መገኛ (ጂፒኤስ) ለመመዝገብ ስልክ ይዘው ጓሮ ለጓሮ የሚዞሩት።

አትፍሯቸው፤ ግን አብራችሁ ቁሙ። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል። የእኛ ማሳ ደግሞ ብዙው አንድ ሄክታር እንኳን አይሞላም። ነጥቡ ሲወሰድ መዝጋቢው ማሳው መሀል መቆም አለበት። መንገድ ዳር ቆሞ የወሰደው ነጥብ የጎረቤት ማሳ ወይም ወንዝ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይርጋጨፌ አካባቢ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ቁጥር በ6፣ ሁለተኛው በ38 ይጀምራል፤ በየቁጥሩ ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ ስድስት አሃዝ ሊኖር ይገባል። ቁጥሩን በራሳችሁ ደብተር ላይ ገልብጡ። የጓሯችሁ ማስረጃ ነውና አንዱ ቅጂ ቤታችሁ ይኑር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጌዴኦ ጓሮ ከላይ ሲታይ ደን ይመስላል። ዋንዛው፣ ብርብራው፣ እንሰቱ ቡናውን ሸፍኖታል። ይህ አኗኗር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥላ ዛፍ ሲቆረጥ ግን ከሳተላይት ጫካ የተመነጠረ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ያረጀ ዛፍ የምትቆርጡ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሡ። ቀኑንና ምትኩ የተተከለበትን ቦታ ጻፉ። ዛፉን ሸጣችሁ ባሕር ዛፍ እንድትተክሉ የሚመክራችሁን ግን አትስሙት። ጥላ የሌለው ቡና በሞቃት ዓመት ይጠወልጋል፤ ምርቱም አንድ ዓመት ሞልቶ ሌላ ዓመት ባዶ ይሆናል።

ወንዙን መመርመር

ዓለም የሚወደው የታጠበ ቡና የሚታጠበው በእኛ ውሃ ነው። በዚህ ላይ ዝም ስንል ብዙ ቆይተናል።

ልጣጩና ዝልግልጉ ስኳር አለው። ወንዝ ሲገባ ይቦካል፤ ሲቦካ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። ምርመራውን ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ጣቢያው ሥራ ላይ እያለ ጠዋት ሂዱ። መጀመሪያ ከጣቢያው በላይ ወንዙ ዳር ቁሙና አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ከሥሩ የሚሯሯጡ ትንንሽ ነፍሳት ታያላችሁ። ከዚያ ከጣቢያው በታች ወርዳችሁ ሌላ ድንጋይ ገልብጡ። ድንጋዩ የሚያዳልጥ ግራጫ ነገር ከለበሰ፣ ነፍሳቱ ከጠፉ፣ ውሃው ጠቁሮ እንደ ቆየ ሊጥ ከሸተተ፣ ችግር አለ። በሁለቱም ቦታ በተመሳሳይ ሃይላንድ ውሃ ቅዱና ጎን ለጎን ፎቶ አንሡ። በታች ያሉ ሰዎች ከብቶቻቸውን የት እንደሚያጠጡ፣ እነሱስ ቆዳቸውን ያሳክካቸው እንደሆነ ጠይቁ።

ፎቶውን ይዛችሁ ወደ ጣቢያው ኃላፊ ስትሄዱ የምትጠይቁትን አውቃችሁ ሂዱ። ውሃው ወደ ወንዝ ከመድረሱ በፊት የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች አሉ? ካሉስ ሞልተው እየፈሰሱ ነው? በወራጁ ላይ ውሃውን የሚያጣራ ቬቲቨር ሳር ተተክሏል? ልጣጩ የት ይሄዳል? ልጣጭ ሲከመርና ሲገላበጥ በጥቂት ወራት ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል፤ ያንኑ ለገበሬው መመለስ ለጣቢያውም አይከብድም። ማኅበራችሁ የራሱ ጣቢያ ካለው ጥያቄውን በጠቅላላ ጉባኤ አቅርቡና ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። የግል ጣቢያ ከሆነ ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ከቢሮው በር አያልፍም።

ገንዘቡ ቤት ሲገባ

ቡናውን ብዙ ጊዜ የሚለቅሙት እናትና ልጆች ናቸው። የማኅበሩ መዝገብ ላይ ያለው ስም ግን የአባት ነው። ማኅበራችሁ ባልና ሚስትን አብሮ የሚመዘግብ ከሆነ አሁኑኑ አስመዝግቡ፤ የማይመዘግብ ከሆነ አጀንዳ አስይዙ። ማኅበሩ ትርፍ ሲያከፋፍል የሚከፍለው በደረሰኝ ስለሆነ የእሸት ደረሰኞችን በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡ። የጠፋ ደረሰኝ ማለት የጠፋ ገንዘብ ነው።

ልጆቹን በተመለከተ የማደርገውን ልንገራችሁ። መልቀሙ በሚበረታባቸው ሳምንታት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረን ልጆቹ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ብቻ እንዲለቅሙ ከወላጆች ጋር እንስማማለን። የሚቀረው ቀይ ቡና እንዳይረግፍ ጎረቤት ከጎረቤት በደቦ ይለቅማል። ይህ የሚሆነው ግን ከመከሩ በፊት ከተነጋገርን ነው። መስከረም ላይ ስብሰባ ጥሩ።